«11:00» የማን ሰዓት ነው?

ጥያቄና መልስ ከአንባቢያን ጋር

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነው የምሠራው። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር 14 ሆነን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ እንጫወታለን፤ ተጫዋቾች መርጠን በስልክ ቡድን እንሠራለን፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ እናገኛለን። አምና 11ኛ ወጣሁ። ዘንድሮ እንኳ ቀና ልበል ብዬ ስለሚመጣው ዙር ጨዋታዎች በኢሜይል የሚልኩ አምስት ኒውስሌተሮች ላይ ሰብስክራይብ አደረግሁ። ሁለቱ እስካሁን ምንም አልላኩልኝም። ሦስቱ ግን ይጎርፋሉ፤ አንዱ «ይህን አጥቂ ግዛ» ሲል ሌላው «ቶሎ ሽጠው» ይላል። በኅዳር ደግሞ ጉድ ሆንኩ። ኢሜይሉ «ዴድላይን (ቡድን መቀየር የሚቻልበት የመጨረሻ ሰዓት) ቅዳሜ 11:00» ይላል። የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ 8 ሰዓት ወጣሁ፣ ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ «ገና ግማሽ ሰዓት አለኝ» ብዬ ስከፍተው ተቆልፏል። የመጀመሪያው ጨዋታ እንዲያውም አንደኛው አጋማሽ አልቋል። ካፒቴኔ፣ ማለትም ነጥቡ እጥፍ የሚቆጠርልኝ ተጫዋች፣ ልቀይረው ያሰብኩት ልጅ ነበር፤ እሑድ ተቀይሮ ገብቶ 10 ደቂቃ ተጫወተና 1 ነጥብ አመጣ። ከኒውስሌተሮቹ የትኛውን ልያዝ? ክፍያ የሚጠይቁት ይሻላሉ? ኢሜይሌን ለማላውቀው ሰው መስጠቴስ አደጋ የለውም?
የፈትል ክፍል ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ያነበብኩት ደሴ ፒያሳ ባለችው ኢንተርኔት ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ አስፋልቱ ወርዶ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። «ተቆልፏል» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሆዴን በላኝ። ከእህቶቼ ልጆች ጋር ፋንታሲ ስጫወት ስድስት ዓመቴ ነውና ያቺን ቃል አውቃታለሁ።

ስለዚህ ካልጠየቅከኝ ነገር ልጀምር። ኢሜይሉ ላይ ያየኸው 11:00 የለንደን ሰዓት ነው፤ የረፋዱ 11:00። ኅዳር ላይ እንግሊዞች ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። የእነሱ 11:00 በፈረንጅ አቆጣጠር የእኛ ከሰዓት 2:00 ይሆናል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ያቺኑ ሰዓት 8 ሰዓት እንላታለን። አየህ፣ አንተ ከማሽኑ ተላቀህ ከፋብሪካው በር ስትወጣ፣ በዚያችው ደቂቃ ነው ቡድንህ የተቆለፈው። ሰዓቱን ብታውቀው ኖሮ ከሥራ በፊት ጠዋት፣ ወይም ዓርብ ማታ ጨርሰኸው ትገባ ነበር። ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ የጎደለህ የኳስ እውቀት አልነበረም።

እዚህ ቤት ለሚመጣ ሰው ሁሉ የማስተምራት ቀላል ስሌት አለችኝ። ከእንግሊዙ ሰዓት ላይ 3 ቀንስ፤ የቀረው የሐበሻ ሰዓት ነው። 11:00 ላይ 3 ሲቀነስ 8 ሰዓት። የማታ 6:30 ላይ 3 ሲቀነስ ማታ 3:30። ይቺ ስሌት የምትሠራው ግን በእነሱ የብርድ ወራት ነው። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ግድም፣ ወደኋላ ይመልሱታል፤ በማርች የመጨረሻ እሑድ፣ በእኛ መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ፣ ወደፊት ይገፉታል። እኛ አንነካውም። ስለዚህ ከመጋቢት ማገባደጃ እስከ ጥቅምት የምትቀንሰው 4 ነው። ውድድሩ ነሐሴ ላይ ሲጀመር የቅዳሜው 11:00 ለእኛ 7 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት በኋላ 8 ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ተመልሶ 7 ሰዓት ይገባል።

11:00 የሚለው ቁጥር ራሱ ከአንድ ሕግ የመጣ ነው። የዙሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ቡድን ይቆለፋል። የቅዳሜው የምሳ ሰዓት ጨዋታ በእንግሊዝ 12:30 ስለሚጀመር ነው ዴድላይኑ 11:00 የሆነው። ዙሩ ዓርብ ማታ ከተከፈተ ዴድላይኑም ዓርብ ነው፤ በሳምንቱ መሐል ማክሰኞ ከተከፈተም ማክሰኞ። የጨዋታው መተግበሪያ ሰዓቱን በስልክህ አቆጣጠር ያሳይሃል። ኢሜይል ግን አንዴ ተጽፎ ለዓለም ሁሉ የሚበተን ነው፤ አንተ ቦርከና ዳር መሆንህን አያውቅም። ከእንግዲህ ኢሜይሉ ላይ ሰዓት ስታይ መጀመሪያ ስሌቱን ሥራ፣ ቀጥለህ ስልክህ ላይ አላርም ሙላ፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን አንብብ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አምስቱን ተዋቸውና አንድ ያዝ። የምትመርጠውም በስሙ ወይም በፎቶው ማማር ሳይሆን በሚደርስህ ቀን ነው። አሰልጣኞች ለጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስና ዓርብ ነው። ማን ተጎዳ፣ ማን ልምምድ ጀመረ፣ ማን ታመመ የሚለው የሚወጣው ያኔ ነው። ማክሰኞ የሚደርስህ ኒውስሌተር ማን ከማን እንደሚጫወት ይነግርህ ይሆናል፤ ጸሐፊው የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን ግን ያልተነገረን ጉዳት ሊጽፍልህ አይችልም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም ዓርብ ማታ የሚመጣ ካለህ እሱን አስቀር፤ የተቀሩትን አሰናብት። ዙሩ ዓርብ ማታ በሚከፈትበት ሳምንት ግን እሱም ሊዘገይብህ ስለሚችል ሐሙስ ማታ መተግበሪያውን ራስህ ክፈተው። ከተጫዋቹ ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት ካለ አጠራጣሪ ነው፤ ቀይ ካለ አይሰለፍም።

ይህን የምልህ ከደብተሬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁና ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ «ኢሜይሉ ያለው»፣ በቀኝ «የሆነው» ብዬ። እሑድ ማታ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ ቀርቦ በረካው እስኪወርድ ድረስ ሁለቱን ዓምዶች አስተያያለሁ። አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ አላቋረጥኩም። በግራ በኩል «እገሌ ጉልበቱን ታሟል፣ አይገባም»፣ «እገሌ 5ኛ ቢጫውን አይቷል፣ ይታገዳል»፣ «ይህ ቡድን በዚህ ዙር ሁለት ጨዋታ አለው» ብዬ የገለበጥኳቸው በቀኝም እንዳሉ ይገኛሉ፤ ከስንት አንዴ ነው የሚስቱት። «ዛሬ በእርግጠኝነት ያገባል»፣ «ይህን ካፒቴን አድርጉ» የሚሉት ግን ሌላ ናቸው፤ በእነሱ አጠገብ ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝ ተሞላ። የእህቴ ትንሿ ልጅ አንድ ቀን ደብተሩን አገላብጣ «አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ከእኔ በምን ይሻላል?» አለችኝ። ልክ ናት። ከዚያ ወዲህ ኒውስሌተር የምከፍተው ለወሬው ነው እንጂ ለትንቢቱ አይደለም። ያንተም «ግዛ» እና «ሽጥ» የተጋጨብህ ሦስቱም ስለ ነገ የሚገምቱ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ ለምታጠፋው ጊዜ የሚክስህ ስለ ድርብ ዙር የሚነግርህ ነው። በእንግሊዝ የዋንጫ ጨዋታዎች ምክንያት የሊግ ጨዋታ ሲዛወር አንዳንዱ ቡድን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አይጫወትም። ትሪፕል ካፒቴን (የካፒቴንህን ነጥብ ሦስት እጥፍ የሚያደርገው) እና ቤንች ቡስት (የተቀያሪዎችህንም ነጥብ የሚቆጥርልህ) የሚቀመጡት ለእንዲህ ያለው ዙር ነው። ይህን ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ያወቀና ማታውን የሰማ አንድ አይደሉም። ያ ማለት ደግሞ ኒውስሌተርህ ስለዚህ ዙር ብቻ ሳይሆን ስለሚቀጥሉት ሦስትና አራት ዙሮችም የሚጽፍ መሆን አለበት።

አምስት ጸሐፊ አምስት ነገር ሲነግርህ እጅህ አያርፍም። ከተፈቀደልህ በላይ ለምታደርገው ለእያንዳንዱ ትራንስፈር (አንዱን ተጫዋች ሸጦ ሌላ መግዛት) 4 ነጥብ ይቀነስብሃል። 4 ነጥብ የአንድ አጥቂ ጎል ነው፤ ልጁ ገብቶ ካላገባ በኪሳራ ጀምረሃል። በየዙሩ የምትሰጥህን አንዷን ነጻ ትራንስፈር ባትነካት እስከ 5 ድረስ ትጠራቀምልሃለች። እ.ኤ.አ. በ2024/25 መሐመድ ሳላህ 29 ጎል አስቆጥሮ፣ 18 አቀብሎ 344 ነጥብ ሲሰበስብ፣ በፋንታሲው ታሪክ እስከዚያ ድረስ በአንድ ዓመት ያን ያህል ያመጣ ተጫዋች አልነበረም። ከመጀመሪያው ዙር ይዞት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከኒውስሌተር የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ደህና ነው፣ ይሰለፋል» የሚል መስመር። እኔ ታኅሣሥ ላይ ሸጬው በጥር በውድ መልሼ ገዛሁት፤ ያን ያደረግሁት ሁለት ኢሜይል በአንድ ቀን አንብቤ ነው።

ስለ ክፍያው አልሸሽግህም፤ አትክፈል። ለ14 ሰው ሊግ የሚያስፈልግህ ነገር፣ ማለትም መርሐ ግብሩ፣ ጉዳቱ፣ እገዳው፣ የሚገመተው አሰላለፍ፣ በነጻ ይገኛል። የሚከፈልባቸው የሚጨምሩልህ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥና ማስያ ነው። ያም ጥሩ ሥራ ነው፤ ከፈረቃ ደክሞ ለሚመጣ ሰው ግን የሚነበብ አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው «የዚህን ዙር ምርጥ ቡድን እሰጥሃለሁ፣ በቴሌብር ላክልኝ» የሚለው ነው። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚጫወትበት ጨዋታ ነጥብ በዋስትና የሚሸጥልህ ሰው የለም። ያንን ገንዘብ ለቤትህ ዘይት ግዛበት።

ኢሜይልህን መስጠትህ ራሱ አደጋ አይደለም፤ አደጋው ከእሱ ጋር ሌላ ነገር ስትሰጥ ነው። ጨዋ ኒውስሌተር አድራሻህን ብቻ፣ ቢበዛ ስምህን ይጠይቃል። ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የባንክ ካርድ ከጠየቀ ዝጋው። የፋንታሲ አካውንትህን ፓስወርድ ደግሞ ማንም አይጠይቅህም። «ቡድንህ ሊሰረዝ ነው፣ በዚህ ሊንክ ግባ» የሚል ኢሜይል ከመጣልህ ሊንኩን አትንካ፤ ራስህ መተግበሪያውን ከፍተህ ቡድንህን እይ። ቡድንህ እዚያው ይሆናል። ጂሜይል የምትጠቀም ከሆነ ጥሩ ዘዴ አለ። ስትመዘገብ ከአድራሻህ ስም ቀጥሎ፣ ከአት ምልክቱ በፊት፣ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ጨምር። መልእክቱ ወደ አንተው ይመጣል፤ ነገር ግን አድራሻህን ለሌላ አሳልፎ የሰጠው የትኛው እንደሆነ በዚያች ቃል ታውቃለህ። እኔ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ነው የምሰጠው፤ አንዱን በዚህ ዘዴ ደርሼበት ወዲያው አቋርጬዋለሁ።

ያልላኩልህ ሁለቱ ምናልባት ልከውልህ ይሆናል። ሰብስክራይብ ካደረግህ በኋላ ብዙዎቹ «አንተ ነህ ወይ?» የሚል አንድ ማረጋገጫ ይልካሉ። ያንን ከፍተህ ኮንፈርም ካላልክ ምዝገባው አያልቅም። ማረጋገጫው ደግሞ ስፓም ውስጥ ወይም ፕሮሞሽን በሚለው ክፍል ገብቶ ይቀራል። እዚህ ቤት «ኢሜይል አልመጣልኝም» ብሎ ከሚመጣ ሰው የበዛው ደብዳቤ የተገኘው እዚያ ነው። ስፓም የገባ ነገር ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ስለሚጠፋ ያንተ ሁለቱ እስካሁን ጠፍተው ሊሆን ይችላል። ያስቀረኸው ፕሮሞሽን ውስጥ ከገባ ጣትህን አሳርፍበትና በነጥቦቹ በኩል ወደ ዋናው ክፍል አዛውረው፤ የላኪውንም አድራሻ ኮንታክትህ ላይ መዝግብ።

ኒውስሌተሮቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ግን ተደጋጋሚዎቹ ቃላት ጥቂት ናቸው። ዳውትፉል ሲል አጠራጣሪ ነው፣ በተቀያሪ ወንበር ላይ የሚጫወት ሰው አዘጋጅ። ሩልድ አውት ሲል በቃ አይሰለፍም። ሮቴሽን ሲል አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን ያፈራርቃል ማለት ነው፤ ያንተን ካፒቴን 10 ደቂቃ ያጫወተው ምናልባት ይኸው ነው። ዲፈረንሻል ጥቂት ሰው ብቻ የያዘው ተጫዋች ነው፤ አንተ 11ኛ ከሆንክ ከፊትህ ያሉት ያልያዙትን አንድ መያዝ አለብህ፣ አንደኛ ከሆንክ ግን አያስፈልግህም። (ስለ ደሴ ከተማና ስለ ወሎ ኮምቦልቻ ጨዋታዎች በአማርኛ እንዲህ የሚጽፍልን ሰው ቢገኝ እኔ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ነኝ። ልጆቻችን ከእንግሊዝ ቡድን ተቀያሪውን ሁሉ ያውቃሉ፤ ሆጤ ስታዲየም ማን እንደሚሰለፍ ግን አይጠይቁም።)

ዳታ ለመቆጠብ ከጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ፎቶ ከመክፈቱ በፊት እንዲጠይቅህ አድርገው፤ ጽሑፉ ብቻውን ይበቃሃል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀንም አለ። ስለዚህ ሐሙስ ማታ አንድ ቡድን ሠርተህ አስቀምጥ፣ ዓርብ ኢሜይሉ ሲመጣ አስተካክለው። ምክትል ካፒቴንህ ከካፒቴንህ የተለየ ቡድን ውስጥ ያለ፣ ሁልጊዜ የሚሰለፍ ይሁን። ካፒቴኑ አንዲት ደቂቃ ካልተጫወተ እጥፉ ለምክትሉ ይሄዳል፤ 1 ደቂቃ እንኳ ከገባ ግን አይሄድም፤ ያንተ እሑድ የሆነው እሱ ነው። ተቀያሪዎችህንም በቅደም ተከተል አስቀምጥ፣ ያልተሰለፈ ሲኖር ኮምፒውተሩ በዚያው ተራ ያስገባልሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስልኩ ላይ በየሳምንቱ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይመጣለታል። «ፋንታሲ ነው፣ ገንዘብ የለበትም» ይለኛል። ጎረቤቴ ግን ቁማር ነው አለችኝ፤ የእሷ ልጅ በቤቲንግ የሱቋን ዕቃ አስጨርሷታል። እኔ አላነብም፣ ይህንንም የጻፈችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ።
እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ እናቴ፣ አብሽሩ። ልጅዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም መስጋትዎ ትክክል ነው፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ፋንታሲ የሚባለው የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ እንዲህ ነው። ልጁ በወረቀት ላይ ብቻ ባለ 100 ሚሊዮን ፓውንድ 15 ተጫዋች ይመርጣል፤ ከአንድ ቡድን ከ3 በላይ አይፈቀድለትም። የመረጣቸው ልጆች ሜዳ ላይ ጎል ሲያገቡ፣ ሲያቀብሉ፣ ነጥብ ያገኛል። ፓውንዱ እውነተኛ ገንዘብ አይደለም፤ ለመግባትም አምስት ሳንቲም አይከፈልም። ቤቲንግ ግን ከኪስ የወጣ ብር ይዞ «ይህ ቡድን ያሸንፋል» ብሎ ማስያዝ ነው። ሲሸነፍ ብሩ ሄደ። የጎረቤትዎን ሱቅ የበላው ይሄኛው ነው።

የሚያሰጋኝ በሁለቱ መሐል ያለው ድልድይ ነው፣ ድልድዩም ብዙ ጊዜ ያ ኢሜይል ነው። ኒውስሌተር በነጻ የሚልክ ሰው ከአንድ ቦታ መኖር አለበት። አንዳንዱ ከማስታወቂያ ይኖራል፣ አንዳንዱ ደግሞ አንባቢው ቤቲንግ ቤት አካውንት ሲከፍት ከዚያ ይከፈለዋል። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያድርጉ። የወንድምዎን ልጅ ይጥሩ፣ ልጁንም አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ተደብቀው ስልኩን አይክፈቱበት፣ ያፍራልና ሌላ ጊዜ ይደብቅዎታል። የመጨረሻዎቹን አምስት ደብዳቤዎች እየከፈተች ጮክ ብላ ታንብብልዎ። ኦድስ፣ ዲፖዚት፣ ፍሪ ቤት የሚሉ ቃላት ካሉ ያ ኒውስሌተር ለ11ኛ ክፍል ተማሪ አይሆንም፤ እዚያው ቁጭ እንዳላችሁ ያጥፋው። ጉዳት፣ አሰላለፍ፣ ካፒቴን እያለ የሚያልቅ ከሆነ የኳስ ወሬ ነው። እንግሊዝኛውንም ያሻሽልለታል፤ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት መጽሐፉ ይልቅ በዚህ ነው ማንበብ የጀመረው።

አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁት፦ «ከጓደኞችህ ጋር መዋጮ አላችሁ?» ጨዋታው ነጻ ቢሆንም ልጆች በመሐላቸው ብር አዋጥተው ላሸነፈው የሚሰጡበት ቦታ ብዙ ነው። እኔ በቤተሰባችን ሊግ ይህን ከልክያለሁ። አንደኛ የወጣ የዓመት በዓል ቀን ሌሎቹ ምሳ ያበሉታል፣ በዚያው ያልቃል። እርስዎም ይህን ለመከልከል ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ልጁ ማልያ ላይ የቤቲንግ ስም አይቶ «እነሱም ይለብሱታል» ካለዎት፣ የሊጉ ክለቦች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ተስማምተው ከ2026/27 ጀምሮ የቁማር ድርጅት ስም ከማልያቸው ደረት ላይ እንዲነሳ መወሰናቸውን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ፋንታሲ ካቆምኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ኒውስሌተሮቹ ግን አልቆሙም። ኢሜይሌ «ሞልቷል» እያለ የሥራ ደብዳቤ መቀበል አቃተኝ። በአንድ ጊዜ የማጠፋበት መንገድ አለ?
ከሆጤ

መልስ፦ አለ። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ከፎቶዎችህና ከድራይቭህ ጋር ነው የምትካፈለው። ስለዚህ ሙላቱ ከኒውስሌተር ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ቪዲዮዎችህንም ተመልከት። መፈለጊያው ላይ አንሰብስክራይብ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፍ፤ ሰብስክራይብ ያደረግሃቸው አብዛኞቹ ይደረደሩልሃል። አንዱን ስትከፍት ከላኪው ስም አጠገብ ያንኑ ቃል ታገኛለህ፤ እሱን ንካ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልኩትን በአንድ ንክኪ እንዲያሰናብቱና ጥያቄውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ ያስገድዳል። ካሰናበትክ በኋላ የዚያን ላኪ ስም ፈልገህ የቆየውን በሙሉ ምረጥና ሰርዝ፤ ከዚያም የቆሻሻ መጣያውን ባዶ አድርግ፣ ያለበለዚያ ቦታው ቶሎ አይለቀቅም።

ተመዝግበህበት የማታውቀው ላኪ ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን ሊንክ አትንካ፤ አድራሻህ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ይሆንብሃል። ስፓም ብለህ ምልክት አድርግበት። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መበተንን ይከለክላል። ስልክህን ይዘህ ወደ ፒያሳ ብቅ ካልክ እኔ ጋ በሩብ ሰዓት ይጠናቀቃል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነኝ።